አያቷን ለሁለተኛ ጊዜ ያጠመቅንበት እሁድ

ስዊድን ውስጥ፣ ቮርቢ ጎርድ በሚባል ሰፈር፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ባለፈው ዓመት ታደሰ። ግድግዳው ላይ ድምፅ የሚውጥ ነገር ለጠፉበት፤ ተራ መያዝም በስልክ ሆነ። ጎረቤቶቼ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ቅርጫቴን ይዤ በገባሁ ቁጥር የድሮው ክፍል ይናፍቀኛል። ድሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ጉሮሮ ቢጠረግ እንኳ ያስተጋባ ነበር። የዚያን ክፍል ድምፅ የማውቀው እኔና አንዲት ሴት ብቻ ነን፤ እሷ ደግሞ አሁን እዚህ የለችም።

እኔ ዘማሪ ነኝ። ይህን በትሕትና ማለት ነበረብኝ፤ ግን ድምፄ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰዎች ነግረውኛል፣ እኔም አልተከራከርኳቸውም። በኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሃያ ሁለት ዓመት ከመዘምራን ጋር ቆሜአለሁ። እንጀራዬ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ገላ ሳጥብ፣ የሰው መድኃኒት ሳቀብል ውዬ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የራሴን ልብስ አጥባለሁ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ከላያችን የሚኖሩት ሽማግሌ በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን ይደበድባሉ። ስለዚህ የእሁዱን መዝሙር የምለማመደው ምድር ቤት፣ ከማሽኖቹ ጋር ነበር።

አንድ ሐሙስ ተራዬ ካለቀ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ስዊድን ውስጥ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ በማጠቢያ ክፍል ተራ ተኳርፈው ለዓመታት ሰላም የማይባባሉ ጎረቤታሞች አውቃለሁ። በሩ ሲከፈት ለቁጣ ተዘጋጅቼ ዞርኩ። የቆመችው አጠር ያለች፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ ሽበት የጀመረውን ፀጉሯን በሁለት የጎነጎነች ሴት ናት። ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠችና «ቀጥይ፣ መዝሙርሽን ጨርሺ» አለችኝ። ደነገጥኩ፣ ጨረስኩም። ከዚያ እሷ በተራዋ ልብሷን ማሽን ውስጥ እየጨመረች የራሷን ጀመረች። ለካ እሷም የምትወርደው ለዚያው ድምፅ ነበር።

ሳሚ ናት። ሳሚዎች በሰሜኑ በረዶ ውስጥ፣ ዛሬ ያሉት መንግሥታት ድንበር ሳያሰምሩ በፊት ጀምሮ የሚኖሩ፣ ሬን የሚባለውን የሰሜን አጋዘን የሚያረቡ ሕዝብ ናቸው። እሷ ሃሉንዳ በሚባል ሰፈር አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አደባባይ ወጥታ ትዘፍናለች። ለመዝናናት አይደለም። ዘመዶቿ በበረዶው ወራት ሬኖቻቸውን የሚያሰማሩበት መሬት ላይ ማዕድን ሊቆፈር ታስቦ ስለነበር ነው። ደብዳቤ ጽፈዋል፣ ስብሰባ ተቀምጠዋል፣ የሰማቸው የለም። «ደብዳቤያችንን ፋይል ውስጥ ይከቱታል» ትለኝ ነበር። «ዘፈንን ግን ፋይል ውስጥ መክተት አይችሉም። ቤታቸው ሲገቡ እንኳ አፋቸው ላይ ይመጣባቸዋል።»

አሠራሯን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ስንኝ ታወጣለች፣ ታጉረመርመዋለች፣ ከማሽኑ ምት ጋር ታስማማዋለች፣ ከዚያ «አይሆንም» ብላ ትጥለዋለች። በእጇ የጻፈችውን ወረቀት በሳሙና እጅ እየያዘች ሁልጊዜ ታረጥበዋለች። መለኪያዋ አንድ ነበር፤ መንገድ ያለፈ ሰው ሦስት ጊዜ ሰምቶ አዝማቹን አብሮ ካላለው ዘፈኑ ተጥሏል። መሞከሪያዋ እኔ ሆንኩ። «ስንተኛው ላይ ያዝሽው?» ትለኛለች። «በሁለተኛው» እላለሁ፤ ኩራቴ ነዋ።

ከሁሉም አጥብቄ የያዝኩት የአያቷን ዜማ ነው። ሳሚዎች ዮይክ የሚሉት የዜማ ዓይነት አላቸው፤ ብዙ ጊዜ ቃል የለውም። ሕፃን ሲወለድ ስም እንደሚወጣለት ዮይክም ይወጣለታል። ያ ዜማ እንግዲህ ሰውየው ራሱ ነው። ያወጣው ሰው የእኔ ነው አይልም፤ የወጣለት ሰው ነው ባለቤቱ። አያቷ የተወለደችው ሊቆፈር በታሰበው መሬት ላይ ስለነበር የአያቷን ዮይክ የመቃወሚያ ዘፈኗ አዝማች አደረገችው። «መሬቱን ሳይሆን እሷን ነው ፊታቸው የማቆማት» አለችኝ። ይህን ሁሉ ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ፣ ግን አልገባኝም።

«አብረሽኝ በይው» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ ዘፈን አልዘፍንም።»

«አሁን ማን ነበር የሚያንጎራጉረው?»

«መዝሙር ነው። መዝሙር ለእግዚአብሔር ነው፣ ዘፈን ለዓለም ነው» አልኳት፤ ለሕፃን እንደማስረዳ ሆኜ። በመዘምራን ደንባችን ዘፈን የዘፈነ ሦስት ወር ይታገዳል። ደንቡን ያረቀቀው ኮሚቴ ውስጥ እኔም ነበርኩ። ዓለማዊ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የመታ አንድ ወንድማችን ሲታገድ እጃቸውን ካወጡት መካከል ነኝ፤ እንዲያውም ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሳቀች። «አያቴም እንዳንቺ ነበር የምትለው። ቄሱ ዮይክ የሰይጣን ነው ብሏት ነበር። ወንድሟ ጫካ ውስጥ ተደብቆ ዮይኳን ሲልላት ዝም በል፣ ኃጢአት ነው ትለዋለች። እያለችው ግን ፊቷ ይፈካ ነበር።»

እኔም ስለ እናቴ ነገርኳት። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ እናቴ ቤት ውስጥ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ፣ ከሬዲዮኑ ሥር በቀስታ ትዘምር ነበር። እኔ የመስኮቱን መጋረጃ ይዤ ውጭውን እጠብቅላታለሁ። የቀበሌ ሰው ከመጣ መጋረጃውን ሁለቴ እነቀንቀዋለሁ። ይህን ስነግራት ማሽኑን አጥፍታ ነበር የሰማችኝ። ከዚያ ደስ እንዲላት ብዬ «ለአያቴ ወንጌልን ያመጡላቸው እኮ ስዊድናውያን ሚስዮኖች ናቸው» አልኳት።

«ወደ እኛም የመጡት እነሱ ናቸው» አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ። ዝምድና የቆጠርን መስሎኝ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ያ ዮይክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በቱኔልባና፣ ማለት በምድር ውስጥ ባቡር፣ ወደ ሥራ ስሄድ፣ አልጋ ሳነጥፍ፣ ሽንኩርት ስልጥ አብሮኝ ነው። ቃል የሌለው ዜማ ለእኔ ሰው ያልገባበት ቤት ሆኖ ታየኝ። አንድ ጠዋት ከባቡሩ ሳልወርድ ቃል መጣልኝ። «አሮጌውን ከእኔ አውጥተህ፣ አዲስ ሰው አደረግኸኝ» የሚል። ቦታው ላይ ልክክ አለ። ደስታዬን አልችለው ብዬ መውረጃዬን አሳለፍኩ። በእኛ ዘንድ የዓለም ዜማ ወስዶ ለጌታ መስጠት ነውር የለውም፤ «ከጠላት የተማረከ ነው» እየተባባልን እንስቃለን። እሷን መጠየቅ ይገባኛል የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ። ድንገት ሰምታ ስትደሰት ነበር በዓይኔ የሚሄደው። ለአያቷ ክብር፣ ለእሷ ስጦታ፣ ምናልባትም ወደ ጌታ የምትመጣበት በር።

የመዘምራኑ መሪ ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ እዚህ የተማረ ኢንጂነር ነው። ዜማውን ሳሰማው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እትዬ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ተሰጠኝ» አልኩት።

እኛ ይህን ቃል የምንለው እግዚአብሔር ሰጠኝ ለማለት ነው። ውሸት አልመሰለኝም ነበር። ዛሬ ግን ከሠራሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

የመዘምራን ቀናችን ደረሰና ጠራኋት። ለምን እንደጠራኋት አልነገርኳትም። ሰማያዊ የባህል ቀሚሷን ለብሳ፣ ደረቷ ላይ ትልቅ የብር ጌጥ ሰክታ መጣች። የጓደኛዋን ቤተ ክርስቲያን አክብራ ማለት ነው። ሽማግሌዎቻችን ከፊት አስቀመጧት፣ ሴቶቹ ጌጧን እየነኩ አደነቁላት። ሦስተኛው መዝሙር ያ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች አዳመጠች። አዝማቹ ሲገባ እጇ ወደ ብሩ ሄደና ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ምእመኑ ተነሣ፣ እጅ ተዘረጋ፣ እልልታው ቀለጠ። እሷም ተነሣች። አብራ የተነሣች መስሎኝ እየዘመርኩ ፈገግ አልኩላት። እሷ ግን በመተላለፊያው ቀጥ ብላ ወጣች።

ነጩን የመዘምራን ልብስ እንደለበስኩ ተከትያት ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ደረስኩባት።

«ምነው? አልወደድሽውም?»

«ምንድን ነው የምትሉት? ቃሉ?»

ተርጉሜ ነገርኳት። ያኔም እየኮራሁ ነበር።

«አሮጌውን አውጥተህ?» አለችኝ። «አያቴን ይዛችሁ? አንድ ጊዜ ቄሱ አጥምቆ ዝም አሰኛት። ዛሬ ደግሞ እናንተ ለሁለተኛ ጊዜ አጠመቃችኋት።»

አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈረች። ሹፌሩ ነጭ የለበስኩትን እኔን እያየ በሩን ለአፍታ ያዘልኝ፣ ከዚያ ዘጋው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። አክብሬ ብጠራት ነው ወይ! እንግዳ ሆኖ በሰው ፊት ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? ለባሌ ስነግረው ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ፤ ይህም አናደደኝ። አራት ቀን ሙሉ በልቤ ስከራከራት ቆየሁ። ሐሙስ ሲደርስ ወረድኩ። በዚያን ጊዜ ተራ የምንይዘው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ትንሽ ቁልፍ አለው፣ ቀኑ ላይ ይቆልፈዋል። የሷ ቁልፍ ሁልጊዜ ከእኔ ቀጥሎ ሐሙስ ላይ ነበር። የለም። ወደ ሰኞ አዛውራው አገኘሁት።

ልብሴን ማሽን ውስጥ ጨምሬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ለመዘመር አፌን ከፈትኩ። እናቴ መጣችብኝ። ከሬዲዮኑ ሥር የምትዘምረው። ያንን መዝሙሯን ካድሬዎቹ ሰምተው፣ ዜማው ደስ ብሏቸው፣ ቃሉን ቀይረው የቀበሌ ሰልፍ ቢያደርጉትስ? ደስ ይበልሽ ብለው ከፊት ወንበር አስቀምጠው ቢያሰሟትስ? መጋረጃውን ይዤ የጠበቅኋት ልጅ፣ አድጌ ከነኪቦርዱ ካድሬ ሆንኩ። ማሽኑ ሲጨርስ እኔ ገና እያለቀስኩ ነበር።

በሚቀጥለው ልምምድ ላይ መዝሙሩ እንዲቀር ጠየቅሁ። መሪያችን ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ሕዝቡ እኮ ተባርኮበታል። ቪዲዮውም ወጥቷል። ዜማው የዓለም ነበር ቢባል እንኳ አሁን የጌታ ነው።»

የራሴን አባባል ነበር የሚመልስልኝ። ሰላሳ ሰው እያየኝ «ተሰጠኝ ያልኩት ውሸት ነው። ሰርቄ ነው» አልኩ። መሪያችን የኪቦርዱን ማብሪያ አጠፋና ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን እዚያው ሰረዘው።

የጓደኛዬን በር ያንኳኳሁት በማግሥቱ ነው። ከፈተችልኝ፣ ግቢ ግን አላለችኝም። መዝሙሩ እንደቀረ ነገርኳት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«የበደልሽው እኔን አይደለም» አለች።

«ታዲያ አያትሽ ሞተው የለም እንዴ? እንዴት ብዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው?»

«ዮይኳ ሲባል አለች። ቅዳሜ ፓርላማው ፊት ለፊት እንወጣለን። መንግሥት በቅርቡ ይወስናል። ነይና ያላንቺ ቃል፣ እንዳለች አድርገሽ በያት።»

«ዘፈን እንደማልዘፍን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» ብላ በሩን በቀስታ ዘጋችው።

አርብ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ ብል አጋነንኩ፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ቁርሴን ሳልነካ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ባህር ተሻግሬ ስመጣ ሰው የሆነኝ ያ መዘምራን ነው። እናቴ ስትሞት ሄጄ መቅበር ባልቻልኩ ጊዜ ሳሎኔን ሞልተው ሦስት ቀን ብቻዬን ያልተዉኝ፣ ያበሉኝ፣ ያዘመሩኝ እነሱ ናቸው። ካፖርቴን ስለብስ ባሌ «ወዴት ነው?» አለኝ። «ይቅርታ ልጠይቅ» አልኩት።

አደባባዩ ላይ ከሃምሳ አይበልጡም ነበር። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እሷ ሰማያዊ ቀሚሷ ላይ ወፍራም ሻርፕ ደርባ፣ ትንሽ ከበሮ ይዛ ድንጋዩ ላይ ቆማለች። ስታየኝ ትንሽ ጠጋ አለችልኝና ቦታ ሰጠችኝ። መኖሪያ መሬታቸውን በስሙ እየጠራች ስንኞቹን አለች። አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም ያዘው፣ እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ግን ቃል ሳልይዝ እንዴት እንደሚዘመር አላውቅም። ሃሌ ሉያ ሊያመልጠኝ ለጥቂት። ሁለተኛው ላይም አልሆነልኝ። ሦስተኛው ላይ ያችን የማላውቃትን ሴት አሰብኩ፤ ዝም በል እያለች ፊቷ የሚፈካውን። ያኔ ወጣ። በሙሉ ድምፄ ወጣ፤ ከፓርላማው ግድግዳ ተመልሶ መጣ። መንገደኞች ቆሙ። አንዲት የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት አብራ ስትል አየኋት። አንድ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ። ጓደኛዬ ከበሮዋን ሳታቋርጥ ዞር ብላ አየችኝ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጸልዬ አላውቅም፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶብኛል ብዬ እስከ ዛሬ አላምንም።

የአደባባዩ ቪዲዮ ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ሽማግሌያችን ደወሉልኝ። በደርግ ጊዜ ለእምነታቸው የታሰሩ፣ ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ያቺ አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ዘፈን ነው?»

«እርስዎ እስር ቤት ሆነው የዘመሩትን ጠባቂዎቹ ምን ይሉት ነበር?»

ስልኩ ውስጥ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሰማሁ።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉኝ። «ደንቡን ግን አብረን ነው ያወጣነው።»

እሱ እውነት ነው። ሦስት ወር ታገድኩ። ያንን ኪቦርድ የመታ ወንድማችንን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሳቀብኝና «እንኳን ደህና መጣሽ» አለኝ። እሁድ እሁድ ኋላ ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ መቀመጥ ጀመርኩ። መዘምራኑ ሲወጡ ቀና ብዬ አላይም።

የማዕድኑ ጉዳይ በመጨረሻ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ እስካሁን እልባት አላገኘም። ጓደኛዬ ግን የማጠቢያ ክፍል ቁልፏን ወደ ሐሙስ መልሳው ነበር። አዝማቿን ከዚያ በኋላ ሌሎች ከተሞች ውስጥ የማያውቋት ወጣቶች ሲሉት በስልኬ አይቻለሁ፤ በየጊዜው ሳየው እንደ ልጄ ምርቃት ደስ ይለኛል።

በእገዳዬ በሁለተኛው ወር አንድ እሁድ፣ ስብከቱ ሳይጀመር አጠገቤ ሰው ተቀመጠ። እሷ ናት፤ ማንም ሳይጠራት፣ በሥራ ጃኬቷ። «ወደ ሰሜን ልመለስ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «የአጎቴ ልጅ ብቻውን ነው፤ ሬኖቹም ትግሉም እዚያ ናቸው።» ወዲያው መዘምራኑ ወጡ።

«ያንቺ ቦታ የቱ ነው?» አለችኝ።

ላሳያት ቀና አልኩ። በሁለተኛው ረድፍ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ነበር። ግራና ቀኝ የቆሙት እህቶቼ አልተጠጋጉም። በየሳምንቱ እንደዚያው ይቆሙ ኖሯል፤ አንገቴን ደፍቼ ሳላይ ቀርቼ ነው እንጂ። አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ።

እሷ ያንን ክፍት ቦታ ብዙ አየችው። «ደስ ይላል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። «አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ዝም ካሰኟት በኋላ እንዲህ ቦታ ይዞ የጠበቃት ግን አልነበረም።»

መዝሙሩ ተጀመረ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ። እኛ አልተነሣንም። እጇን ይዤ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።